ማጠፊያው ሥር የሚበቅለው ዝገት

አባትየው ምላጩን በግራ እጃቸው ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ልጃቸው ብሩሹን ይዛ፣ አረፋው በእጇ አንጓ ላይ እየወረደ ትጠብቃለች። አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የስፌት ፋብሪካው ሰርቪስ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ መንገዱ ጥግ ይቆማል፤ ሾፌሩ ደግሞ የገዛ እናቱንም የሚጠብቅ ሰው አይደለም።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ አባትየው።

«ምኑ?»

«ምኑ ትለኛለች እንዴ! እዪዋ፣ ማጠፊያው ሥር።»

ጎንበስ ብላ አየች። ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የመርፌ ራስ የምታክል ቡናማ ነጥብ ተቀምጣለች። በነጥቧ ዙሪያ ብረቱ ትንፋሽ እንደነካው መስታወት ደብዝዟል። ትናንት ጠዋት በዚሁ ሰዓት ያ ቦታ ፊቷን ያሳያት ነበር። ራሷ ወልውላው፣ ራሷ አድርቃው፣ ራሷ ዘይት ቀብታው ነው ሥራ የሄደችው።

«ትናንት አጽድቼው ነበር እኮ፣ አባዬ። ዓይንህ እያየ።»

«ትናንት ያየሁትን አይቻለሁ። አሁን የያዝኩት ግን ምላጭ ነው ወይስ የድንች መላጫ?»

ከስትሮኩ ወዲህ የአፋቸው ቀኝ በኩል አይታዘዝም፤ ቃላቸው ይንሸራተታል። ስድባቸው ግን አንድም ቀን ተንሸራትቶ አያውቅም።

«ዛሬን ብቻ እንዲሁ ልላጭህ። ስመለስ እፈትገዋለሁ።»

«ዝገት ፊቴን አይነካም» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

አንድ ሰው አረፋ ተቀብቶ ወደ ግድግዳ ከዞረ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም። ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ጥርሷን ነክሳ ብሩሹን አስቀመጠችና የጠርሙስ መክደኛ ቡሹን፣ የዘይቱን ጠርሙስና የተፈጨውን ጠመኔ ከመሳቢያው አወጣች። ቡሹን ዘይት ማስነካት፣ ጠመኔውን ማልበስ፣ ከዚያ በስለቱ ርዝመት ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች መፈተግ ነው። በአግድም ከሆነ ስለቱ ይሞታል። ችኮላ ከሆነም እንደዚያው። ነጥቧ ለመጥፋት አሥራ ሰባት ደቂቃ ፈጀች። አባቷን ላጭታ ሳትጨርስ መስኮቱ ሥር ሰርቪሱ ሁለቴ ጥሩምባውን ነፍቶ ሲሄድ ሰማችው። በዚያ ወር ለስድስተኛ ጊዜ።

አባትየው አርባ አንድ ዓመት ፀጉር ቆራጭ ነበሩ። ሱቃቸው ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም መስታወት ነበራት፤ ሰው የሚወዳቸው ግን ለፀጉሩ ሳይሆን ለጢሙ ነበር። ይህንን ታጣፊ ምላጭ ሥራ ያስተማሯቸው ሰውዬ ሲሞቱ ነው የወረሱት። ቀኝ እጃቸው አንድ ቀን፣ ደንበኛ ፊት ቆመው ሳሉ፣ መቀስ ጣለ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሱቁ ተዘጋ፤ እሳቸውም ምላጩን፣ ብሩሹንና አንድ ሻንጣ ይዘው ሦስተኛ ፎቅ ያለው የልጃቸው ቤት ገቡ።

ከሁሉ የከበደው ጢማቸው ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ አማቻቸው ደህና አድርጎ አስቦ የሚጣል መላጫ ገዝቶ መጣ። አንዱን አንስተው አገላብጠው አዩት። «ይሄ ለአሻንጉሊት ነው» ብለው መለሱለት። ከዚያ ድሮ አብሯቸው ይሠራ የነበረ ፀጉር ቆራጭ እቤት ድረስ መጣላቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ «አንገትህን አቅና፣ አውራ ጣትህ የት ነው ያለው፣ ቆዳውን ወጠር አድርግ እንጂ» ሲሉት ቆዩ። ሰውየው በትህትና ተሰናበተና ስልኩን ማንሳት አቆመ።

እንግዲህ የቀረችው ልጃቸው ነች። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ መቀስ ከያዘች ሃያ ዓመቷ ነው። ጨርቅ ግን አገጭ የለውም፤ ደግሞም ጨርቅ አይሳደብም። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቦታ ቆረጠቻቸው። በሁለተኛው አንድ ቦታ። ከዚያ ወዲያ ለመደችው። ያልለመደችው ነገር የምላጩ ጣጣ ነው።

ጣጣው ብዙ ነው። ከተላጩ በኋላ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ በለስላሳ ጨርቅ ከጀርባው ወደ ስለቱ መጥረግ፣ ማጠፊያው ውስጥ በቀጭን ጨርቅ መግባት፣ የምላጭ መሳያው ቆዳ ላይ ሃያ ጊዜ ማመላለስ፣ ከዚያ ክፍት አድርጎ አየር ማስመታት፣ በመጨረሻም ዘይት በጣት ጫፍ መቀባት። ይህን ሁሉ ታደርጋለች። ሆኖም ግን በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን ነጥቧ ትመጣለች፤ ሁልጊዜም እዚያው፣ ማጠፊያው ሥር።

መጀመሪያ የጠረጠረችው የመታጠቢያ ቤቱን እንፋሎት ነበር። ምላጩን ወደ መኝታ ቤት ቁም ሣጥን አዛወረችው። ነጥቧ መጣች። አባቷ «የቆዳ ማህደር ርጥበት ይይዛል» ሲሉ የቆዳውን ትታ ከፋብሪካ ባመጣችው የሱፍ ቁራጭ ማህደር ሰፋችለት፤ ለአባቷ ልደት ሸሚዝ ስትሰፋ እንኳ እንደዚያ አልተጠበበችም። ነጥቧ መጣች። የጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን፣ ርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ፍሬ ያለባቸው ከረጢቶች ከጎረቤት ሁሉ ለቅማ ማህደሩ ውስጥ ከተተች። ነጥቧ መጣች። ዘይቱን ለወጠች፤ የስፌት መኪናዋን ዘይት ማለት ነው፣ በሥራዋ ከሁሉ የምታምነውን። ነጥቧ ከነጉድዋ መጣች።

በዚህ መሐል ፋብሪካው ውስጥ ከኮሌታ ወደ ቁልፍ ቀዳዳ አወረዷት። ተቆጣጣሪዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። «እህቴ፣ ኮሌታ ላይ የሚቀመጥ ሰው መስመሩ ሲነሳ መኖር አለበት» አለቻት በቃ። ልብስ ሰፊዋ ሃያ ዓመት ኮሌታ ሰፍታለች። አሁን ከቀኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀዳዳ ትበሳለች። ቤት ገብታ ለማንም አልተናገረችም።

አንድ ማታ እራት ላይ ለባሏ እንዲህ አለችው፦

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ። በአባዬ ምላጭ ሽቦ ልጠህ ታውቃለህ?»

ማንኪያው አፉ ደጅ ላይ ቆመ። «ምን?»

«የኤሌክትሪክ ሽቦ። መላጫህ ሲጠፋብህ ያገኘኸውን ታነሳለህ፤ የእኔን መቀስ እንዴት እንዳደረግከው አንተ ታውቃለህ።»

«ያ ከስምንት ዓመት በፊት ነው!»

«መቀሱ እስከ ዛሬ አልዳነም።»

ባልየው ማንኪያውን አስቀመጠ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሲቆጣ ድምፁ ከመጨመር ይልቅ ይቀንሳል። «ያንን ምላጭ» አለ በሹክሹክታ፣ «በእንጨት እንኳ አልነካውም። አባትሽን እፈራቸዋለሁ።» ከዚያ ሁለት ቀን አኮረፋት።

ቅዳሜ ዕለት በብስክሌቱ ላይ የድንጋይ መዘውር ጭኖ የሚዞረው ቢላዋ ሞራጅ በሰፈሩ ሲያልፍ ሰማችውና ምላጩን በፎጣ ጠቅልላ ወረደች። ሰውየው ምላጩን ሲያይ ከብስክሌቱ ወረደ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ነው የተቀበላት።

«ይሄንን እኔ አልነካውም» አለ። «ስለቱ እንደ ጉድ ነው። ምን ሆነሽ ነው?»

«ስለቱን አይደለም። እዚህ ጋ እየዛገ አስቸገረኝ። ሁሉን ነገር አድርጌያለሁ።»

ሰውየው መነፅሩን አውልቆ ምላጩን ዓይኑ ሥር አስጠጋ። በትንሽ ሽቦ ማጠፊያው ውስጥ ጫር ጫር አደረገና ነጭ ነገር አወጣ። አሸተተው።

«ሳሙና ነው። ውስጥ ገብቶ ደርቋል። ውሃ ይይዛል፣ ያዝጋል።»

«የጢም ሳሙና ነዋ።»

«የጢም ሳሙና እንደዚህ አይሸትም፣ እመቤቴ። እንቺ አሽትቺው።»

አሸተተች። ሎሚ ሎሚ ይላል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ባሏ ወጥ ቤት ቆሞ፣ ቅዳሜ የእሱ ተራ ስለሆነ፣ ሳህን እያጠበ ነበር።

«ምላጩን ከሹካ ጋር አጥበኸዋል!»

ባልየው ዘወር ብሎ አያት። እስከ ክርኑ አረፋ ነው። «ሴትዮ፣ ደህና ነሽ?»

«የሎሚ ሳሙና ነው ያለው ውስጡ! በዚህ ቤት ሳህን የሚያጥበው ማነው?»

«ቅዳሜ እኔ ነኝ። ከእሑድ እስከ ዓርብ አንቺ ነሽ። እስካሁን ባጠብኩት ሹካ ውስጥ ምላጭ አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ ጣቴ ይነግረኝ ነበር። ደግሞ ሌላም ልትጨምሪ ነው? ዘበኛው ዛሬ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ቀን ቀን እናንተ ቤት የሚፈነዳው ምንድነው? ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልጇን ማስተኛት አልቻለችም› አለኝ። አምፖል እያፈነዳሁ ነው የመሰላቸው!»

«አሮጌ አምፖል በረንዳው ላይ ስትከምር ነዋ።»

«ቀን እኔ ሥራ ላይ ነኝ!» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «አንቺም ሥራ ላይ ነሽ! ቀን እዚህ ቤት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው!»

ሁለቱም ወደ አባትየው ክፍል በር ተመለከቱ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል።

«አባዬ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አይችልም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እሱን እንዳትነካካብኝ።»

ነገሩን እዚያ ላይ ዘጋችው። የአባቷን እጅ በየቀኑ የምታጥበው እሷ ናት። ያ እጅ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም ብላ ነበር የምታስበው።

በሚቀጥለው ረቡዕ ፋብሪካው መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩን ሲያስነሱ ጭሱ አዳራሹን ሞላው፤ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም አሰናበቷቸው። ልብስ ሰፊዋ እግረ መንገዷን ዳቦ ገዝታ፣ ያልታሰበ ቀን ስላገኘች ትንሽ ቀለል ብሏት፣ ደረጃውን ወጣች። በሩን ስትከፍት የሴት ድምፅ ሰማች።

«ይሄኛውን ብዙ ነፋሁት መሰለኝ። ቀስ ብለው ይያዙት፣ ይፈነዳል።»

ድምፁ የስልከኛዋ ነው። ስልከኛዋ ፊት ለፊት በር ያለችው ጎረቤታቸው ናት፤ ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት መስመር ስታገናኝ ኖራ ጡረታ የወጣች። የሰው ምስጢር ሁሉ በጆሮዋ አልፎ በአፏ ያልወጣ ሴት ናት ይሏታል። ቀን ቀን መጥታ የአባትየውን ምሳ የምታሞቅላቸው እሷ ነች።

ልብስ ሰፊዋ ሳሎኑ በር ላይ ቆመች።

ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ተነጥፏል። ፎጣው ላይ ድስት፤ ድስቱ አፍ ላይ እንደ ጭንቅላት የተቀመጠ ቀይ ፊኛ። ፊኛው ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጆሮና አንድ ትልቅ ፈገግታ በእስክሪብቶ ተስሎለታል፤ ከአፍንጫው በታች ደግሞ በአረፋ ተሸፍኗል። ጎኑ ላይ የሎሚ ሳሙና የተበጠበጠበት ጎድጓዳ ሳህን አለ። ስልከኛዋ ድስቱን በሁለት እጇ ደግፋ ይዛለች። አባትየው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ግራ ክርናቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ ምላጩን ከፊኛው ጆሮ ሥር ወደ አገጩ ቀስ እያደረጉ ያወርዱታል።

መጮህ ፈለገች። ግን ከጮኸች እጃቸው ይደነግጣል። ስለዚህ ዳቦውን አቅፋ ዝም ብላ መቆም ነበረባት። አረፋው በቀጭኑ እየተነሳ ነው። አባቷ ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ጉንጩን ጨረሱ፤ አገጩን ዞሩ። እጁ ሁለቴ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለቴም ቆም ብለው ጠበቁት። ሲጨርሱ ፊኛው ሙሉ ነበር።

«ጎበዝ!» አለች ስልከኛዋ።

አባትየው ምላጩን ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ነከሩት። አወጡት፣ ሁለቴ አራገፉት፣ ጉልበታቸው መሐል ባለው ጨርቅ ላይ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አደረጉት። ከዚያ ማጠፊያው ውሃ እያንጠባጠበ ሊዘጉት ሲሉ...

«እንዳትዘጋው!»

ስልከኛዋ ድስቱን ለቀቀችው። ፊኛው ወለሉ ላይ ወርዶ ከወንበሩ እግር ጋር ተጋጨና ቡም አለ። የአረፋ ፍንጣሪ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«እኔ ምሳ ላሞቅ ነበር የመጣሁት» አለች ስልከኛዋ።

«በአራት ሰዓት ተኩል፣ እትዬ?»

ስልከኛዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከወንበሩ ጀርባ የተሰቀለው የፕላስቲክ ከረጢት ደግሞ አጋለጣት፤ በፈነዱ ፊኛዎች ተሞልቷል፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሁሉም ላይ የግማሽ ፊት ሥዕል።

«ስንት ጊዜ ሆነህ፣ አባዬ?»

«ሁለት ወር» አሉ አባትየው። ምላጩን አልለቀቁም።

«ሁለት ወር ሙሉ እኔ የምፈትገው ያንተን ዝገት ነው?»

«አደርቀዋለሁ እኮ።»

«በምን? በጉልበትህ? ማጠፊያው ውስጥ በአንድ እጅ እንዴት ይገባል?»

«አይገባም» አሉ በቀስታ።

«ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

መስኮቱን ተመለከቱ።

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር ወይ?»

«አውቅ ነበር።»

ደሟ ፈላ። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ታዲያ ጠዋት ጠዋት እኔን የምትሰድበኝ ለምንድነው? ‹የድንች መላጫ› እያልክ! ባሌን ሁለት ጊዜ ጥፋተኛ አድርጌዋለሁ እኮ! አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ብትናገር ምን ነበረበት?»

«ምን ብዬ? ‹ትናንት ያረጠብኩት እኔ ነኝ› ብልሽ፣ ‹ምን ስትሠራ?› ትይኛለሽ። ከነገርኩሽ ትከለክይኛለሽ። ዝም ካልኩ ደግሞ ዝገቱ ብረቱን ይበላዋል። እኔ በአንድ እጅ መፈተግ አልችልም። አንቺ ካልፈተግሽው ያልቃል።» ከአፋቸው ጥግ የወረደውን ምራቅ በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ስሰድብሽ ደህና አድርገሽ ትፈትጊያለሽ።»

«አዎ፣ እከለክልህ ነበር! ጉሮሮህን ብትቆርጠውስ?»

«አርባ አንድ ዓመት የሰው ጉሮሮ ይዣለሁ፤ አንድም...»

«በቀኝ እጅህ ነዋ!»

ይህን ካለች በኋላ ልትመልሰው አልቻለችም። አባትየው ጭናቸው ላይ የተኛችውን ቀኝ እጃቸውን አዩ። ስልከኛዋ ጎንበስ ብላ ከወለሉ ላይ የፊኛውን ቁርጥራጭ ትለቅም ጀመር።

«ከኮሌታ አውርደውኛል» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ ሌላ ሰው የሚናገር መሰላት። «ስለማረፍድ። ቁልፍ ቀዳዳ ላይ ነኝ አሁን። ወር ሊሞላኝ ነው።»

«አልነገርሽኝም።»

«አንተስ ምን ነግረኸኛል?»

አባትየው ምላጩን ክፍት እንዳለ ፎጣው ላይ አጋደሙት። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ያልተናገሩትን ነገር ተናገሩ፤ እሷንም ከዝገቱ ይበልጥ ያሳመማት እሱ ነው።

«እፈራለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«አንቺን። ስትላጪኝ ትቸኩያለሽ። ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ነው፣ ዓይንሽ ግን ሰዓቱ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ስትመጪ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ልጄ ነሽ፣ ምን ልልሽ እችላለሁ? እኔ ራሴ ብለምደው ሁለታችንም እንገላገላለን ብዬ ነው።»

«እኔን ትፈራኛለህ?»

«በጣም» አሉ።

ስልከኛዋ ከጠረጴዛው ሥር ሆና ሳቋ አመለጣት። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈችና ቧንቧውን ከፍታ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ወር ሙሉ ከእንቅልፏ ተነስታ፣ አረፋ መትታ፣ ዝገት ፈትጋ፣ የኮሌታ ሥራዋን አጥታ፣ ለካ አባቷ የሚንቀጠቀጡት የእሷን እጅ ፈርተው ነበር። ለማን ይነገራል ይሄ? ስትወጣ ስልከኛዋ ሄዳለች፤ አባትየው እንደተቀመጡ ነው። ምላጩን አንስታ ማጠፊያውን በቀጭን ጨርቅ አደረቀችው፤ ልማድ ሆኖባት እንጂ ፈልጋ አይደለም።

ባሏን ይቅርታ መጠየቅ ከሁሉም ከበዳት። ኤሌክትሪሺያኑ ወሬውን እስከ መጨረሻው ሰማ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «እስቲ ከመጀመሪያው እንደገና ንገሪኝ» አላት። ሦስቴ አስነገራት። በአራተኛው ትራስ ወረወረችበት።

ነገር ግን መላ ያመጣው እሱ ነው። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የምላጩን እጀታ የሚነክስ የእንጨት መያዣ ሠራ፤ በግራ እጅ የምትዞር ብሎን ያላት። ምላጩ እዚያ ሲቆም አባትየው በአንድ እጃቸው ቀጭኑን ጨርቅ ማጠፊያው ውስጥ ያስገባሉ። ለቀረው ርጥበት የሚስቱን የፀጉር ማድረቂያ አጠገቡ ሰቀለላቸው።

«ምላጭን እንደ ሙሽራ ፀጉር?» ብለው ተቆጡ አባትየው።

«አየር ነው፣ አባባ። ይሞክሩት» አላቸው አማቻቸው በሹክሹክታ፣ ወደ በሩ እያፈገፈገ።

ሞከሩት። ዝገቱ ሳሳ እንጂ አልጠፋም። የበፊቱ ነጥብ ብረቱን ትንሽ ቆርጥሞት ስለነበር ጉድጓዷ ውስጥ ጥቁረት ቀርቷል፤ ያንን ቡሹም ጠመኔውም አያወጣውም። አባትየው በየቀኑ ያዩታል፣ በየቀኑ ይበሳጫሉ፣ አሁን ግን የሚሰድቡት ሰው የላቸውም።

መላጨቱን ወደ አመሻሹ አዛወሩት፤ እሷ ከሥራ ስትመለስ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ወርዶ። ግራ ጉንጫቸውንና አገጫቸውን ራሳቸው ይላጫሉ። ቀኙን፣ እጃቸው ተሻግሮ የማይደርስበትን፣ እሷ ትላጫለች። በፊት ሩብ ሰዓት ይፈጅ የነበረው አሁን አንድ ሰዓት ይፈጃል። አባቷ በግማሽ አረፋ ቆም ብለው እጃቸው እስኪረጋ ሲጠብቁ፣ እሷ ወጡ እሳት ላይ እንዳለ እያሰበች እግሯን ትነቀንቃለች። «እግርሽ!» ይሏታል። ታቆማለች። ፋብሪካው ግን ኮሌታውን አልመለሰላትም፤ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ተቆጣጣሪዋ «እናያለን» ብላታለች። «እናያለን» ማለት ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስልከኛዋ አንገቷ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ መጣች። ፀጉሯን በማስያዣ ወደ ላይ ሰብስባዋለች።

«ስንት ፊኛ እንደነፋሁልዎት ያውቃሉ?» አለቻቸው። «ሳንባዬ አልቋል። አሁን ደግሞ እርስዎ ተራዎት ነው። ማጅራቴ ላይ ያለውን ጥቃቅን ፀጉር ያስተካክሉልኝ።»

አባትየው ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው ባሏን አየች። ባልየው ወጥ ቤት ገባ።

«እትዬ፣ ይቅርብዎ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የፊኛ ነገር ሌላ ነው።»

«ፊኛ ከእኔ አንገት ይበልጥ ይፈነዳል» አለች ስልከኛዋና ወንበሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

አባትየው ተነሱ። ከዘራቸውን ትተው ወገባቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደገፉ። አረፋውን ራሳቸው በግራ እጃቸው ቀቡ። ልጃቸው ሳትጠየቅ መጥታ ቆዳውን በሁለት ጣቷ ወጠር አደረገችላቸው፤ ሁለተኛ እጅ የላቸውምና። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። ምላጩ ከግራ ጆሮ ሥር ጀምሮ ወረደ፣ ተነሳ፣ እንደገና ወረደ። አንዴ ምላጩን አንስተው ቆም አሉ። ልብስ ሰፊዋ በጣቷ ሥር የሴትዮዋ ደም ሥር ሲመታ ይሰማታል፤ ቀና ብላ የአባቷን ፊት አየች። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ቀጠሉ። ሲጨርሱ በሞቀ ጨርቅ ጠረጉላት።

ስልከኛዋ ማጅራቷን በእጇ ዳሰሰች። «ይሄው! ምንም አልሆንኩም» አለችና እየሳቀች፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወደ ቤቷ ሄደች።

በሩ ከተዘጋ በኋላ አባትየው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«አየሽው?» አሉ።

«ምኑን?»

«መስመሩን። በቀኝ በኩል ተንጋዷል።»

አይታው ነበር። በጣም ትንሽ ነው፣ ግን ተንጋዷል። «ማንም አያየውም፣ አባዬ።»

«እኔ አይቼዋለሁ። ሂጂ ጥሪያት፣ ላስተካክለው።»

ልብስ ሰፊዋ ተሻግራ አንኳኳች። ስልከኛዋ በሩን ሳትከፍት ከውስጥ «ንገሪያቸው፣ አንድ ቀን አንድ ጊዜ ይበቃል!» አለቻት። ይህን ይዛ ተመለሰች። አባትየው ከዚያ እስኪመሽ ድረስ በግራ እጃቸው ጣት ጠረጴዛው ላይ፣ አንዴ ቀጥ ያለ፣ አንዴ የተንጋደደ መስመር እያሰመሩ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀምጠው ዋሉ።